የሻምበል እንግዳው ኮፍያ

እንግዳው ሻምበል ሆኖ አያውቅም። ሻምበል ይቅርና አሥር አለቃም አልነበረም። በዕድሜው ጠመንጃ የያዘው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የአማቱን፣ ሰርግ ቤት ደጃፍ ላይ "እስክመለስ ያዝልኝ" ተብሎ። ያም ሆኖ እንጅባራ ውስጥ፣ በዳንግላ መውጫ መንገድ ዳር ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበርና አልጋ የሚሠራውን ሰው ፈልጎ "እንግዳው የታለ?" ያለ የሚመራው አያገኝም ነበር። "ሻምበል" ማለት አለበት። ያን ጊዜ ባጃጅ ነጂው ሁሉ በአገጩ ያሳየዋል።

ሹመቱን ያመጣው ኮፍያ ነው፤ ኮፍያውን ያመጣው ደግሞ ቆረቆር ነው።

ልጅ ሳለ ቆረቆር ራሱን በላው። እናቱ ያልቀባችው ቅጠል፣ ያላስጠመቀችው ጠበል አልነበረም። በሽታው በኋላ ለቀቀው፤ ሲለቀው ግን ጠጉሩን ይዞ ሄደ። ከግንባሩ በላይ፣ ከጆሮው ኋላ፣ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ፣ እሳት እንደበላው ማሳ እዚህም እዚያም ጠባሳው አፈጠጠ። የእኛ አገር ሰው ደግ ነው ይባላል፤ ደግም ነው። የሰው ጉድለት ሲያይ ግን አፉን አይዝም። "ቆረቆራም" ብሎ ያልጠራው የሰፈር ልጅ አልነበረም። አራተኛ ክፍል ሲደርስ መምህሩ "ክፍል ውስጥ ቆብህን አውልቅ" ቢሉት ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ራሱን ያየች ሚስቱ ፀደይ ብቻ ናት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የቅጽሩን በር አያልፍም። ኮፍያ አድርጎ መግባት ነውር ነው፤ ማውለቅ ደግሞ ለእሱ ከነውርም የከፋ ነው። ስለዚህ ከውጭ ካለው ጽድ ሥር ቆሞ ይጸልያል። ለቅሶም ሲሆን ወንዱ ሁሉ ራሱን ገልጦ ሲቆም እሱ ከአጥር ኋላ ነው። ሰው ኩራት ይመስለው ነበር።

የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ወንበር ሊሸጥ ዳንግላ ገበያ ሄዶ ስማቸው ከሚባል የልባሽ ነጋዴ ፊት ቆመ። ስማቸው ቦንዳውን ፈትቶ ሸራ ላይ ይዘረግፍና ለእያንዳንዱ ጨርቅ አገርና ታሪክ ያወጣለታል። "ይሄ የጀርመን ነው፣ ውሃ አያስገባም! ይሄ የሩሲያ ነው፣ ጥይት አያስገባም!" እያለ ይጮኻል። እንግዳው ከክምሩ ውስጥ አንድ የወታደር ኮፍያ መዘዘ። አመድማ አረንጓዴ ነው፤ ወፍራም ሱፍ። የጆሮ መሸፈኛው ወደ ላይ ታጥፎ በሁለት ቁልፍ ይያያዛል፤ ሲፈታ ማጅራትን ሁሉ ይሸፍናል። ፊት ለፊቱ ላይ ዓርማ የነበረበት ቦታ ከሌላው ጨርቅ ጠቆር ብሎ ክቡን ይዞ ቀርቷል። ከውስጥ፣ ገበሩ ላይ፣ በቀለም የተጻፈ የፈረንጅ ጽሑፍ አለ።

አደረገው። ስማቸው ከደረት ኪሱ ትንሽ መስተዋት አውጥቶ ያዘለት። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው ቆረቆራም አልነበረም። ፊቱ ረጋ ያለ፣ ብዙ አይቶ ዝም ያለ ሰው ነበር። እንግዳው ያን ሰው ወደደው።

ጽሑፉን በኋላ ብሥራት የሚባለው አስተማሪ አይቶለታል። "የሰው ስም ነው" አለው። "የለበሰው ወታደር ስም ይሆናል። የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው የሚለየው፤ የቀረውን ላብ በልቶታል።" እንግዳው ጥቂት አሰበና "እሱንም በርዶት ነበር ማለት ነው" አለ።

በእርግጥ በእንጅባራ የወታደር ኮፍያ ያደረገ ወንድ ብርቅ አይደለም። ብርዷና ዝናቧ ወር አይመርጡም፣ የሳልቫጅ ኮፍያ ደግሞ ከአዲሱ ይሞቃል። የድንቹ ደላላ ቀይ መለዮ ቆብ ወደ አንድ ጆሮው ያዘነብላል። ከሰል ጫኙ ዝንጉርጉር የበረሃ ኮፍያ አለው፤ በረሃ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አስተማሪው ብሥራት ራሱ የመርከበኛ ነው የተባለ ጥቁር ቆብ አድርጎ ጠመኔ ይነካካል። ሁሉንም ቢያሰልፏቸው አንድ ሻለቃ ይወጣቸዋል፤ ተኩስ ቢሰሙ ግን ኮፍያውን ጥሎ የማይሮጥ ያለ አይመስልም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ መሐል እሱ ብቻ ለምን ሻምበል ተባለ? ሌሎቹ ሰላም ሲሉ ያወልቃሉ፣ ሲሞቃቸው ያወልቃሉ፣ ጠላ ቤት ገብተው ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ። የእሱ አይወልቅም። የማይወልቅ ኮፍያ ያስከብራል። ውቤ የሚባለው ባጃጅ ነጂ አንድ ቀን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ተረከዙን አጋጭቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ "አቤት፣ ሻምበል!" አለው። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እንግዳውም ሳቀ። ከ"ቆረቆራም" "ሻምበል" ይሻላል፤ ማን ይጠላል? ዓመት ባለፈ ቁጥር ቀልዱ አለቀና ስሙ ቀረ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ላይ "ሻምበል እንግዳው" ብሎ ጻፈው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ "በየትኛው ግንባር ነበሩ?" ብሎ ሲጠይቀው "ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው" ይላል። ይህ ውሸት አይደለም። የውሸትን ሥራ ግን ሠርቷል።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ አባቶች። የእንግዳው ራስ ሲመለጥ አገር ምድሩ አውቆበታል። ሳይታወቅ ያመለጠው አፉ ነው።

ከጎረቤት አገር ጋር እርቅ ወርዶ የድንበሩ መንገድ ተከፈተ የሚል ወሬ በራዲዮ የተሰማ ሰሞን ነው። ክረምት ነበር፤ የገበያ ቀን። ዝናቡ ሲበረታ አንዲት አሮጊት የድንች ጆንያቸውን እየጎተቱ ከእንግዳው የሥራ ዳስ ሥር ተጠጉ። እማማ ወርቅአየሁ ይባላሉ፤ የዘንገና ሐይቅ አጠገብ ሰው ናቸው። የአፍ መፍቻቸው አገውኛ ነው፤ አማርኛውን ለገበያና ለዳኛ ያህል ያውቁታል። ኮፍያውን አዩ፤ ፊቱን አዩ፤ መልሰው ኮፍያውን አዩ።

"ሻምበል የሚሉት እርስዎ ነዎት?"

እንግዳው ቢላውን አስቀመጠ። በሃያ ዓመት የሚበልጠው ሰው "እርስዎ" ብሎት አያውቅም ነበር።

"ይቀመጡ እናቴ፣ ዝናቡ እስኪያባራ" አላቸው።

አልተቀመጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። "ልጅ አለኝ" አሉ። "አወቀ ይባላል። ለድንበሩ ጦርነት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሄደ፤ ከሄደ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። የጎረቤቶቼ ልጆች መርዶ መጣ። የሌሎቹ ልጆችም አካላቸው ጎድሎ መጡ። የእኔ ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። አሁን መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ፤ ምርኮኛም አይጠፋም ይላሉ። እርስዎ የጦር ሰው ነዎት። የጦር ሰው የጦር ሰውን አያጣውም።"

እንግዳው እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከፍቶም ነበር። በዚያው ቅጽበት የውቤ ባጃጅ ጭቃውን እየረጨ አለፈ። "ሻምበል! ዝናቡን ተኩስ አቁም በለው እንጂ!" ብሎ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሄደ። አሮጊቷ ያንን ሰላምታ በዓይናቸው ተከተሉትና ወደ እንግዳው ተመለሱ። በፊታቸው ላይ የነበረው ጥርጣሬ ጠፍቶ ነበር።

"እጠይቅልዎታለሁ" አላቸው።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን መጡ። እሱም "ጠይቄያለሁ"፣ "መልስ እየጠበቅሁ ነው"፣ "ኔትወርክ እንቢ አለኝ" እያለ ክረምቱን ገፋ። መስከረም ላይ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ሲመጡ ከስተው፣ አንገታቸው ከነጠላው መሐል ቀጥኖ ወጥቶ ነበር።

"ሻምበል፣ አይደብቁኝ" አሉት። "ሞቶም ከሆነ ይንገሩኝ። እርሜን ላውጣ። ይህን ሁሉ ዓመት እህል ስቀምስ ልጄን የምበላው ይመስለኛል።"

ሴትዮዋ የለመኑት እውነቱን ነው፤ ሞትም ቢሆን እንኳ። እንግዳው ግን እውነቱን አያውቀውም፤ "አላውቅም፣ ወታደርም አልነበርኩም" ማለት ደግሞ ያን ጊዜ ራስን ከመግለጥ ከብዶ ታየው። ያችን የከሳች አንገት አይቶም አዘነላቸው።

"አለ" አላቸው። "አለ ይላሉ። በሕይወት አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አለ።"

እማማ ወርቅአየሁ መንገዱ መሐል ቆመው ብቻቸውን እልል አሉ። ሰው ዘወር ብሎ አየ። ትከሻውን ሳሙት፣ እጁን ሳሙት፣ የድንች ጆንያቸውን ረስተው ሄዱ። እንግዳው ጆንያውን ወደ ጥላ እየጎተተ፣ ምን እንዳደረገ ገና አልገባውም ነበር።

ለፀደይ የነገራት በሳምንቱ ነው፤ እማማ ወርቅአየሁ አንድ ቁና ገብስና ዶሮ ይዘው ቤቱ ድረስ መጥተው ምስጋና ሲያወርዱባት "ምን አድርገህላቸው ነው?" ብላ ስለያዘችው። ሰማችው። ጋቢውን ለብሶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፀደይ የምትወደው ራሱ ይኸው ነበር፤ ሰው የማያየው፣ ጠባሳ ያለበት።

"አንተ ሰውዬ" አለችው፣ "የሰው እናት ላይ ምን ሠራህ? ሂድና ንገራቸው።"

"ነገ እነግራቸዋለሁ።"

ነገ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። መናገር የሚገባው ቀን ሁሉ ያልፍና ቀጣዩ ቀን የባሰ ይከብዳል። ሴትዮዋ እንደሆኑ ወዛቸው ተመልሶ፣ እንደገና ሰው መስለው ነበር። አንድ ቀን ሲመጡ እየሳቁ "ልብሱን ለነዳያን ሰጠሁት" አሉት። "ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ አኑሬው ነበር። ሱሪው፣ ጃኬቱ፣ ያቺ የዓመት በዓል ጋቢው፣ አንድ ሳይቀር። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ሲመጣ መቼ ይበቃዋል? ስለቴ ስለደረሰ ሰጠሁት። ደግ አላደረግሁም?" እንግዳው "ደግ አደረጉ" አለ።

ሌላ ቀን ደግሞ ለአወቀ አልጋ እንዲሠራ አዘዙት። "ቁመቱ አሁን የእርስዎን ያህል ይሆናል" አሉ። እንግዳው ወፍራም ወፍራሙን ቀርከሃ መርጦ ሠራ። ልኩን ለማየት መሬት ላይ ተጋደመ፤ ፀደይ በገመድ ከራሱ እስከ እግሩ ለካችው። የእጁን ዋጋ አልቀበልም ብሎ አልጋውን በጋሪ ላከላቸው፤ እሳቸውም ለጎረቤት ሁሉ "ሻምበሌ በነፃ ሠራልኝ" ብለው አወሩለት።

ጥር ገባ። በዚያ አገር ጥር የፈረስ ወር ነው፤ ፈረሱ ይታጠባል፣ ዕቃው ይወለወላል። በዚያው ሰሞን ዓባይነህ የሚባል ሰው ወደ አዘና፣ ወደ ወላጆቹ አገር ተመለሰ። አንድ እግሩን በድንበሩ ጦርነት ያጣ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቆላ ወርዶ የሰው እርሻ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ሲያረጅ አገሩ ታወሰው። እዚያ ገበያ ላይ ከዘንገና ከመጡ ሰዎች ጋር ሲጨዋወት የአወቀን ስም አነሳ። አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። "ከጎኔ ነው የወደቀው" አለ። "በእጄ አፈር አልብሼዋለሁ። እናቱ እስካሁን አልሰማችም?"

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መርዶ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ይነገራልና ከማለዳው ተነስተው የእማማ ወርቅአየሁን ደጅ አንኳኩ። ሴትዮዋ ግን ወጥተው ነገሩን እንደሰሙ ሳቁ። ከዚያ ተቆጡ። "ሟርተኞች!" አሏቸው። "ልጄ አለ። ሻምበል እንግዳው ጠይቆ ደርሶበታል። የመንግሥት ሰው ያለውን ትቼ የእናንተን ልስማ? ውጡልኝ!" ልጃቸው ሕይወት፣ የአወቀ ታናሽ እህት፣ እያለቀሰች ብትለምናቸውም አልሰሟትም። መርዶ ይዞ ሄዶ የተባረረ ሽማግሌ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ እንግዳው ዳስ ደረሱ። ታላቅየው አያ ይኸነው ይባላሉ።

"ሻምበል" አሉት፣ "እዚህ ዳስ ሥር እውነት አለ ወይስ የለም? የልጁን ነገር ከማን ሰማህ?"

እንግዳው የያዘውን ቀርከሃ መሰንጠቅ ቀጠለ፤ ቢላው ግን መንገዱን ስቶ አውራ ጣቱን ቆረጠው። ደሙን እያየ "ከማንም" አለ።

አያ ይኸነው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። "እንግዲያስ ተነስ" አሉት። "ያሰርከውን ራስህ ፍታው።"

እስከ ዘንገና መንገዱ ሩቅ አይደለም። እንግዳው ግን በዕድሜው እንዲያ የረዘመ መንገድ አልሄደም። ግቢው ሲደርሱ እማማ ወርቅአየሁ ሲያዩት ፊታቸው በራ። "ይኸው መጣ!" አሉ ለተሰበሰበው ሰው። "ሻምበሌ፣ ይንገሯቸው እስቲ እነዚህን!"

ዓባይነህ በሁለት ክራንች ተደግፎ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። እንግዳው እሱን አላየውም፤ መሬቱን ነው ያየው።

"እናቴ" አለ። "እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም። ኮፍያዋን ከዳንግላ፣ ከሳልቫጅ ነው የገዛኋት። ማንንም አልጠየቅሁም። አለ ያልኩዎት ዝም ብዬ ነው። ሲከሱ አይቼ... አዝኜ ነው። ልጅዎን የሚያውቀው ይኸ ሰውዬ ነው። እሱ የሚልዎት እውነት ነው።"

እማማ ወርቅአየሁ ለረጅም ጊዜ ኮፍያውን አዩት። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ደገሙት። እንግዳው ከወላጆቹ አማርኛ ብቻ የወረሰ ሰው ነው፤ አልገባውም። ወደ ሕይወት ዞረ።

ሕይወት ፊቷን አዞረችበት። "ልብሱን ሰጥቼዋለሁ ነው የምትለው" አለች። "በምኑ ላልቅስበት ነው የምትለው።"

ይህን ያልገመተ እሱ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሰው ወዲያው ገብቶታል። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ሲሞት ፈረስ በጥልፍ ዕቃው ይጫናል፤ የሟቹ ልብስና መሣሪያ ኮርቻው ላይ ተደርጎ በለቅሶው መሐል ይዞራል። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ልብሱ ሬሳው ነው። ሰው በእሱ ላይ ነው ደረቱን የሚመታው። አወቀ ፎቶግራፍ ተነስቶ አያውቅም። ከእሱ የቀረው ሳጥን ውስጥ የነበረው ብቻ ነበር፤ ያንንም እናቱ በደስታ ለነዳያን አከፋፍለዋል። እንግዳው ለሴትዮዋ ተስፋ የሰጠ መስሎት ልጃቸውን ሁለተኛ ቀበረባቸው።

ለቅሶው ለእሑድ ተቀጠረ። እንግዳው እስከዚያ ሥራ አልሠራም፤ ውቤም ሰላምታ አልሰጠውም፤ ወሬው እንጅባራ ደርሶ ነበር። አንዳንዱ ሳቀበት፣ አንዳንዱ ተፋበት። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ "ድሮም ዓይኑ አያምረኝም ነበር" ያላለ የለም፤ ከዚያ በፊት ግን "ሻምበል" ብሎ ያልጠራውም አልነበረም። እሑድ ጠዋት ፀደይ ጥቁር ነጠላዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመችና "እኔ እሄዳለሁ" አለች። ተከተላት።

ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል። እንግዳው እንደ ልማዱ ከአጥሩ ኋላ ቆመ። የአወቀ አጎት ፈረሱን ይዞ ወጣ። ቀዩ ግምጃ፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጥልፍ ወዴላ፣ ሁሉም ነበረው፤ ኮርቻው ግን ባዶ ነው። ፈረሱ አንድ ዙር ዞረ። ወንዶቹ "ወንድሜን!" ለማለት አፋቸውን ከፈቱና ድምፃቸው መሐል ላይ ቀረ። ባዶ ኮርቻን ማን ብሎ ይጠራል? ሴቶቹ ወደ እማማ ወርቅአየሁ አዩ። እሳቸው ደግሞ እንባ አልመጣላቸውም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ እንዳለ እንግዳ፣ ዝም ብለው ያያሉ።

እንግዳው ከአጥሩ ኋላ ወጣ። በሰዉ መሐል ሲያልፍ ሰዉ መንገድ የለቀቀለት በአክብሮት አልነበረም። ፈረሱ ዘንድ ሲደርስ የአወቀ አጎት "ምን ፈልገህ ነው?" አለው። እንግዳው እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። እጁ ኮፍያው ላይ ጥቂት ቆየ፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሸሸው ነገር በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነበር። ከዚያ አወለቀው።

የጥር ብርድ ጠባሳው ላይ አረፈ። ያየ ሁሉ አየ። ማንም አልሳቀም። እንግዳው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ኮርቻው ላይ፣ ዓርማ የነበረበትን ፊቱን ወደ እናቲቱ አዙሮ አስቀመጠው።

ዓባይነህ ከጥግ ወጣ። በአንድ እግሩ እያነከሰ ፈረሱ ፊት መጣና አንዱን ክራንች መሬት ላይ ጣለ። ቀጥ አለ። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ያ ኮፍያ ስንት ዓመት የቀልድ ሰላምታ ሲቀበል ኖሮ፣ እውነተኛ ወታደር ሰላም ሲለው ያ የመጀመሪያው ነው።

"አወቀ!" አለ ዓባይነህ። ድምፁ ተሰበረ።

ያን ጊዜ ሜዳው ተናወጠ። እማማ ወርቅአየሁ ተነሱ። በአገውኛ ጠሩት፣ በአገውኛ ወቀሱት፣ ፈረሱን አንገቱን አቅፈው በአገውኛ ለመኑት። ሰው ሊያስቀምጣቸው ሲሞክር እንቢ አሉና፣ እንግዳው ይስማ ብለው ይሁን ወይም ለአገሩ ሁሉ፣ በአማርኛ አወረዱት፦

ሃያ ዓመት ደጁን ዓይኔን ተከልኩበት፣
ኮፍያ ብቻ መጣ ራስ የሌለበት።

ሃያ ዓመት የታገደ እንባ ነበር፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እስከ ቀትር አለቀሱ። እርማቸውን አወጡ። ማታ ሕይወት ያቀረበችላቸውን እንጀራ ሳይሳቀቁ ቀመሱ ይባላል።

ለእንግዳው ግን አንድ ቃል አልተናገሩትም። ኮፍያው እሳቸው ዘንድ ቀረ፤ እሱም አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን በዳሱ ፊት ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ማዶ ያዞራሉ። እንግዳው በመጡ ቁጥር ከሥራው ይነሳና ራሱን ገልጦ ይቆማል፤ እስኪያልፉም አይቀመጥም። ቀና ብለው አይተውት አያውቁም። በደሉ የሚረሳ አልነበረም፤ እሱም እንዲረሳለት አልለመነም።

ክረምት ላይ እማማ ወርቅአየሁ ታመሙ። ነሐሴ ሳያልቅ ሞቱ። ለአወቀ ተሠርቶ ማንም ያልተኛበት የቀርከሃ አልጋ ነበር፤ አስከሬናቸውን በእሱ አወጡት። አልጋው እርጥብ መንገድ ላይ ሲንቋቋ እንግዳው አንዱን እግር ይዞ ነበር። ዝናቡ ባዶ ራሱ ላይ እየወረደ ከተሸካሚዎቹ ጋር የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር በር አለፈ። ከልጅነቱ ወዲህ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው።

በአርባኛው ቀን ማግስት ሕይወት ዳሱ ድረስ መጣች። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ስትፈታው ኮፍያው ነው።

"እናቴ አደራ ብላኝ ነው" አለች። "'ለዚያ ሰው መልሺለት፤ ራሱን ይበርደዋል' አለችኝ።"

እንግዳው ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ቆመ። "ሌላስ? ሌላ ምንም አላሉም?"

"ሌላ አላለችም።"

ኮፍያውን ገለበጠው። ገበሩ ላይ፣ የፈረንጁ ወታደር ስም ከነበረበት ከዚያ የደበዘዘ ፊደል ሥር፣ በጥቁር ክር የተሰፋ ጽሑፍ አለ። ስፌቱ የደከመ ዓይን ሥራ ነው፤ ይጠማዘዛል። አወቀ ይላል።

"እኔ በእስክርቢቶ ጻፍኩላት፣ እሷ በመርፌ ተከተለችው" አለች ሕይወት። "ገበሩ ላይ የፈረንጅ ወታደር ስም እንዳለ ስነግራት 'የእሱስ እናት አልቅሳለት ይሆን?' አለች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ለሁለቱም ነበር የምታለቅስ።"

እንግዳው ቀርከሃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ዳሱ መንገድ ዳር ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ አየው፤ እሱ ግን ፊቱን አልሸፈነም።

አሁን ሻምበል የሚለው የለም። "እንግዳው" ይሉታል፤ የሰፈር ልጆችም አንዳንዴ የድሮውን "ቆረቆራም" ይሉታል። ኮፍያውን አያደርገውም፤ ከእጁም አይለይም። ሲሠራ አጠገቡ ካለው ምሰሶ ላይ ይሰቅለዋል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ባለፈው የገበያ ቀን መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። ውቤ ባጃጁን አቁሞ "ኧረ እንግዳው፣ አድርገው እንጂ! ይዘኸው ትበሰብሳለህ?" ብሎ ጮኸበት።

"የሰው ነው" አለው እንግዳው። ኮፍያውን ከጃኬቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ ከተተው፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆለፈበት፣ ራሱ እየራሰ መንገዱን ቀጠለ።